የፒክአፕን ጭስ ማጣሪያ አስወልቆ መንዳት ያዋጣ ይሆን?

የናፍታ ሞተር ዕድሜ በእንጦጦ ዳገት ሲመዘን

ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚያወጣው አስፋልት ለናፍታ ሞተር ቀላል መንገድ አይደለም። ዳገቱ ፋታ አይሰጥም፤ ጥምዝምዙም ብዙ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመበት ስፍራ ከባሕር ጠለል በላይ 3ሺ ሜትር ገደማ በመሆኑ ሞተሩ በያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር በባሕር ዳርቻ ሊያገኝ ከሚችለው በሩብ ያህል ያንሳል። ጭነት የያዘ ፒክአፕ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ከኋላው የሚለቀው ጥቁር ጭስ ባለቤቱን ማሳሰቡ አይቀርም። ሞተሩ እያለቀ ይሆን ብሎ ወደ ጋራዥ ጎራ ሲል ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው ምክር አንድ ዓይነት ነው። ኢጂአሩን በላሜራ አዘጋው፣ ማጣሪያውን አስወልቀው፣ ሞተሩ እንደልቡ ይተንፍስ፣ ዕድሜውም ይረዝማል የሚል ነው።

ለመሆኑ ይህ ምክር እውነት አለው? እውነት ካለውስ በገንዘብ ሲሰላ ያዋጣል?

ጥያቄው የመካኒክ እንጂ የነጋዴ አይደለም የሚል ካለ የገበያውን ሁኔታ ልብ አላለም ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ መጣሉ ይታወሳል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች በስተቀር ሌሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ አደረገ። ይህ ሳይበቃ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገና በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ፣ መለዋወጫው ጭምር፣ በብር ሲተመን አሻቀበ። ትናንት ‹‹አሮጌ›› ተብሎ የሚናቀው ፒክአፕ ዛሬ ተንከባካቢ የሚሻ ካፒታል ሆኗል። ጥቂት ዓመት ነድቶ፣ ሸጦ፣ ጨምሮ ሌላ መግዛት እንደ ድሮው አይደለም። ያለው አማራጭ በእጅ ያለውን ማቆየት ነው። ክርክሩ የሚነሳውም ማቆያው ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው።

መጀመሪያ ስለምን ዕቃ እንደምናወራ እንወቅ። ኢጂአር የሚባለው ሞተሩ ካቃጠለው ጭስ ጥቂቱን መልሶ ወደ መሳቢያው የሚልክ ቫልቭ ነው። የተመለሰው ጭስ የቃጠሎውን ሙቀት ዝቅ ስለሚያደርግ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባለው መርዛማ ጋዝ ይቀንሳል። ዲፒኤፍ ደግሞ በጭስ ማውጫው መስመር ላይ ከማርሚታው በፊት የሚገጠም የማር እንጀራ የመሰለ ማጣሪያ ሲሆን ሥራው ጥላሸቱን ይዞ ማስቀረት ነው። የያዘውን ጥላሸት በየጊዜው 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት አቃጥሎ ራሱን ያጸዳል። ከእነዚህ ሌላ ካታላይዘር አለ፤ በአዳዲሶቹና በከባዶቹ ላይ ደግሞ ዩሪያ የሚረጭ መሣሪያ ይጨመራል። ዲፒኤፍ በፋብሪካ ተገጥሞ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2000 በፔዦ 607 ላይ ሲሆን በአውሮፓ የዩሮ 5 ደረጃ ከመጣ ወዲህ ያለ እሱ የሚሸጥ አዲስ የናፍታ መኪና የለም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ጥያቄ አለ። የእርስዎ ፒክአፕ ለመሆኑ ማጣሪያ አለው? በአገራችን መንገድ ላይ እስከ ዛሬ ቀጥ ብለው የሚሠሩት ባለ ‹‹ሦስት ኤል›› እና ‹‹አምስት ኤል›› ሞተር የድሮ ሃይሉክሶች ፓምፓቸው በመካኒክ የሚሠራ፣ ኮምፒዩተር የማያውቁ፣ ዲፒኤፍ የሚባል ነገር ሲፈጠሩም ያልነበራቸው ናቸው። ‹‹ዲፎርዲ›› የምንላቸው ከዚያ በኋላ የመጡት ኢጂአር አላቸው። ዲፒኤፍ ግን እንደተሠሩበት አገር ይለያያል። ፋብሪካው አንዱን ሞተር የነዳጅ ጥራት ለሚጠበቅበት ገበያ ከነማጣሪያው፣ ነዳጁ ድኝ ለሚበዛበት ገበያ ያለ ማጣሪያ አድርጎ ይሸጠዋል። ለአውሮፓ ተሠርቶ በሁለተኛ እጅ የገባው እና ለአፍሪካና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ተብሎ የተሠራው በመልክ አንድ ዓይነት ቢሆኑም ከሥር ሲታዩ ይለያሉ። ይህን ሳያጣራ ‹‹ማጣሪያ አስወለቅሁ›› የሚል ሰው ገንዘብ ከፍሎ ከማርሚታው የድምፅ ማፈኛውን ብቻ አስወልቆ ሊሆን ይችላል። ያተረፈው ቢኖር ጎረቤት የሚቀሰቅስ ጩኸት ነው።

የጋራዦቹ ምክር ከመሬት ተነስቶ የመጣ እንዳልሆነ ግን መመስከር ይገባል። ኢጂአሩ የሚመልሰው ጭስ ከዘይት እንፋሎት ጋር ሲገናኝ በመሳቢያው ውስጥ እንደ ቅጥራን ይጋገራል፤ ከጊዜ በኋላ የአየሩን መንገድ ያጠብበዋል። ጥላሸቱ ወደ ሞተር ዘይቱም ይገባል፤ ዘይቱን ያወፍረዋል፣ ያጠቁረዋል። ዲፒኤፉም ራሱን ሊያጸዳ ሲል ኮምፒዩተሩ ተጨማሪ ናፍታ እንዲረጭ ያዛል፤ ከዚያ ናፍታ የተወሰነው በፒስቶኑ ፋሻ በኩል ሾልኮ ዘይቱን ያቀጥነዋል። መኪናው ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት እየተመላለሰ ጽዳቱ በተደጋጋሚ ሲቋረጥ ችግሩ ይብሳል። በዚህ ላይ የነዳጁ ድኝ ይጨመርበታል። የዩሮ 5 እና የዩሮ 6 ማጣሪያዎች የተሠሩት በሚሊዮን 10 ክፍል ብቻ ድኝ ላለው ናፍታ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያ፣ ከሩዋንዳና ከቡሩንዲ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ወደ 50 ክፍል ስትወርድ እንደ ትልቅ እርምጃ ተቆጥሮላታል። አሥሩን አስበው የሠሩት ዕቃ ከዚያ በላይ ሲቀርብለት ቶሎ ቢታፈን አይገርምም።

መሣሪያው ራሱ ጉድለት ሊኖረው እንደሚችልም በፍርድ ቤት የተረጋገጠበት አጋጣሚ አለ። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2015 እስከ ሚያዝያ 2020 ድረስ የተሸጡ 264ሺ 170 የቶዮታ ሃይሉክስ፣ ፎርቹነርና ፕራዶ መኪናዎች ዲፒኤፋቸው በተለመደ የረጅም መንገድ ጉዞ ራሱን በሚገባ ማጽዳት እንደማይችል የፌዴራል ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ወሰነ። ለነጋዴ አንባቢ ይበልጥ የሚጠቅመው ዳኛው ያስቀመጡት ቁጥር ነው። በጉድለቱ ምክንያት የመኪናዎቹ ዋጋ በ17.5 በመቶ እንደሚያንስ ተመኑ። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ወደ 10 በመቶ ዝቅ አደረገው፤ የበላዩ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ስሌቱ እንደገና እንዲታይ መለሰው። ኩባንያው በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2020 ማስተካከያ አውጥቶ ነበር። መፍትሔው ማጣሪያውን አውጥቶ መጣል ሳይሆን የተሻለውን መግጠም ሆነ።

እንግዲህ ለምክሩ ይህን ያህል ክብር ከሰጠነው በኋላ የሚተወውን ደግሞ እንመልከት።

የናፍታ ሞተር የሚሞተው በምንድን ነው? ባለ 3.0 ሊትሩን ዲፎርዲ፣ ‹‹ዋን ኬዲ›› የሚባለውን ሞተር እንውሰድ። ይህን ሞተር በማውደም በዓለም ዙሪያ ስሙ የሚነሳው ኢጂአር ሳይሆን ከኢንጀክተሩ ሥር ያለች ቀጭን የመዳብ ቀለበት ናት። ቀለበቷ ስትላላ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ላይ ሾልኮ ዘይቱን ያጋግረዋል፤ የተጋገረው ካርቦን ወደ ዘይት ማጠራቀሚያው ይወርድና የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍናል። ዘይት ያልደረሰው ሞተር ደግሞ ይነክሳል። ኢጂአሩን በላሜራ ያዘጋ ሰው ይህችን ቀለበት አላየም፤ ዘይት መሳቢያውንም አላጸዳም። ከላይ ሲታይ ‹‹ሥራ ተሠርቷል››፤ ከሥር ግን ሞተሩ ወደ ሞቱ እየሄደ ነው።

ጥቁር ጭሱም እንዲሁ ነው። ጭስ የበዛበት ፒክአፕ ብዙውን ጊዜ ኢንጀክተሩ የሚያንጠባጥብ፣ የአየር ፊልትሮው በአቧራ የታፈነ፣ የቱርቦ ቱቦው የተሰነጠቀ ወይም ኬሮሲን የተቀላቀለበት ናፍታ የጠጣ ነው። ኬሮሲን ቅባትነቱ አነስተኛ ስለሆነ ፓምፓውንና ኢንጀክተሩን ይፈጫል። ዲፒኤፍ ደጋግሞ የሚደፈን ከሆነ ጥላሸቱን የሚያመርተው ሞተሩ ነውና ጥፋቱ መፈለግ ያለበት ከማጣሪያው በፊት ነው። ማጣሪያውን ማስወለቅ የሞላውን ጉድጓድ ትቶ ክዳኑን እንደ ማንሳት ነው፤ ሽታው ይወጣል፣ የሞላው ግን እንደሞላ ነው።

ወደ እንጦጦ ዳገት እንመለስ። ስስ አየር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቱርቦ የሌለው የድሮ ሞተር ፓምፓው በዝቅተኛ ስፍራ ልክ ናፍታ እየረጨ አየሩ ሲያንሰው ያልተቃጠለው ናፍታ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ይህ በፓምፓ ማስተካከያ የሚታረም ነው እንጂ የሚወለቅ ዕቃ የለውም። በኮምፒዩተር የሚሠሩት አዳዲስ ሞተሮች ደግሞ የአየሩን ግፊት የሚለካ መሣሪያ ስላላቸው ብዙዎቹ ከፍታ ሲጨምር፣ ሞተሩም በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ኢጂአሩን ራሳቸው ይቀንሱታል ወይም ይዘጉታል። ስለዚህ ከሽሮ ሜዳ በላይ ‹‹ኢጂአሩ ከተዘጋ ወዲህ ጉልበት ጨመረ›› የሚለው ወሬ ቀድሞ ተዘግቶ በነበረ በር ላይ ቁልፍ መጨመር ሊሆን ይችላል። ዲፒኤፍ ላለውም ሰው ዳገቱ ጠላት አይደለም። ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት የሚወጣ ሞተር ጭሱ ይግላል፤ የጋለ ጭስ ማጣሪያውን ያጸዳል። ዲፒኤፍን የሚገድለው ከአዲሱ ገበያ ፓስተር፣ ከፓስተር ፒያሳ እየቆመ እየተነሳ የሚደረገው አጭር ጉዞ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ለስሌት ያህል ፒክአፑ በቀን 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ይነዳል፣ በዓመት 300 ቀን ይሠራል እንበል። የምክሩ ደጋፊዎች የሚጠብቁትን ጥቅም በልግስና ወስደን ዕቃው ሲወለቅ ነዳጅ በ3 በመቶ ይቀንሳል ብለን እናስብ። ይህ በዓመት 90 ሊትር ይሆናል። መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም. የነጭ ናፍታ ዋጋ በሊትር ከ83 ብር ከ74 ሳንቲም ወደ 90 ብር ከ28 ሳንቲም ከፍ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። በዚያ ዋጋ ብናሰላው የዓመቱ ቁጠባ 8ሺ 125 ብር ነው። የነዳጁ ዋጋ ከፍ ሲል ቁጠባውም ከፍ ይላል፤ ቁጥሩን አንባቢ በራሱ ዋጋ ሊተካው ይችላል።

በሌላው ሚዛን ላይ የሚቀመጠው የመኪናው የመሸጫ ዋጋ ነው። ፒክአፑ 3 ሚሊዮን ብር ያወጣል ብለን እንነሳ። ገዢው ወይም ደላላው በዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት መብራቱን አይቶ፣ ወይም የተበየደ ቱቦ አይቶ፣ ከዋጋው 1 በመቶ ብቻ ቢቀንስ 30ሺ ብር ነው። ይህ የሦስት ዓመት ከግማሽ በላይ የነዳጅ ቁጠባ በአንድ ድርድር ተበላ ማለት ነው። የአውስትራሊያው ችሎት ያነሳውን 10 በመቶ ብንወስድማ 300ሺ ብር ይሆናል። የማስወለቂያው፣ የብየዳውና የኮምፒዩተር ማስተካከያው ክፍያ ገና አልተቆጠረም። ኮምፒዩተሩ ሳይስተካከል ዕቃው ብቻ ከወጣ መብራቱ ይበራል፤ አንዳንዱ ሞተር ደግሞ ጉልበቱን ራሱ ይቀንስና በዳገት መሐል ያስቀራል። ተስተካከለ ቢባል እንኳ የፋብሪካውን መረጃ ሳያስቀምጥ የሚጽፍበት ሰው ከገጠመ ወደ ነበረበት መመለስ አስቸጋሪ ነው። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ይህ መውጫ የሌለው ኢንቨስትመንት ነው፤ ዋጋው ለቆየ ካፒታል ደግሞ ትልቁ ሀብት አማራጭን ክፍት አድርጎ መያዝ ነው።

ገበያውን የሚያውቁ ሰዎች ሊዘነጉት የማይገባ ሌላ ነገርም አለ። ካታላይዘሩና ብዙዎቹ ዲፒኤፎች ውስጣቸው ፕላቲኒየምና ፓላዲየም የተለበጠ ነው። በዓለም ገበያ እነዚህ ማዕድናት ከአሮጌ ካታላይዘር እየተለቀሙ ይሸጣሉ። ‹‹የማይረባ ዕቃ ነው፣ እኛ እንጥልልሃለን›› ከተባሉ ማን ለማን እየጣለ እንደሆነ መጠየቅ አይከፋም።

በውጭ አገር ነገሩ ከጋራዥ አልፎ የመንግሥት ጉዳይ ሆኗል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ባወጣው ሪፖርት በአሥር ዓመት ውስጥ ከ550ሺ በላይ የናፍታ ፒክአፖች የጭስ መቆጣጠሪያቸው እንደተወለቀ ገምቷል፤ በዕድሜያቸው ከ570ሺ ቶን በላይ ትርፍ ናይትሮጅን ኦክሳይድ እንደሚለቁም አስቧል። አምራቾችም አላመለጡም። ካሚንስ የተባለው የሞተር ኩባንያ በራም ፒክአፖች ላይ የጭስ ልኬትን የሚያታልል መሣሪያ ገጥሟል ተብሎ 1.675 ቢሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ተስማምቷል። በእኛ በኩል የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም.፣ ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር የሚያስገድደው አዋጅ ቁጥር 681 ደግሞ በ2002 ዓ.ም. ወጥተዋል። ቦሎ ለማሳደስ ምርመራ የሚገባ ነጋዴ ዛሬ ጭሱን ማን ያየዋል ብሎ ዕቃውን ቢጥል፣ ጭሱ በጥብቅ በሚለካበት ቀን መልሶ የሚገዛው በዚያን ቀን የምንዛሪ ዋጋ ነው።

ጭሱ የሚሄድበትም ቦታ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል የናፍታ ጭስን ካንሰር እንደሚያስከትል ከተረጋገጡት ተርታ ያሰለፈው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2012 ነው። በእንጦጦ መንገድ ዳር ማን እንዳለ ይታወቃል፤ ባሕር ዛፍ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች፣ ማርያምን ሊሳለሙ የሚወጡ አዛውንት፣ ሳንባቸውን ሊያጠነክሩ ማለዳ የሚሮጡ አትሌቶች። ባለ ፒክአፑ ያተረፈው ዘጠና ሊትር ላይ እነዚህ ሰዎች የሚከፍሉት ድርሻ አለ፤ በደረሰኝ ስለማይመጣ ግን በማንም መዝገብ ላይ አይገባም።

እንግዲህ ሞተሩን ለማቆየት የፈለገ ሰው ገንዘቡን የት ያውጣ? በዚህ ጸሐፊ ግምት ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። የኢንጀክተሮቹን መርጫ በመሞከሪያ ማሽን ማስፈተሽና የመዳብ ቀለበቶቹን ማስለወጥ ይቀድማል። ዋን ኬዲ ሞተር ያለው ደግሞ የዘይት ማጠራቀሚያውን አስወርዶ ወንፊቱን ያሳይ። የናፍታ ፊልትሮና የአየር ፊልትሮ በአቧራማው ወራት ከመጽሐፉ ቀድሞ ይቀየር። ዘይት ላይ መቆጠብ አያዋጣም፤ ዲፒኤፍ ላለው መኪና በተለይ አመዱ አነስተኛ የሆነውን ዘይት ለይቶ መግዛት ያስፈልጋል። ተራው ዘይት ሲቃጠል የሚተወው አመድ በማጣሪያው ውስጥ ይቀራል፤ አመድ ደግሞ እንደ ጥላሸት ተቃጥሎ አይጠፋም። ኢጂአሩንና መሳቢያውን በየጊዜው ፈትቶ ማጽዳት የላሜራውን ጥቅም አብዛኛውን ያስገኛል፤ ጉዳቱን አያመጣም። የተደፈነ ዲፒኤፍም ወርዶ በሙቀትና በአየር ሊጸዳ ይችላል።

ዲፒኤፉ ከውስጥ ተሰንጥቆ ያለቀለት፣ ምትኩም በገበያ የታጣበት ሰው ምን ያድርግ የሚል ይኖራል። ይህ ከባዱ ጉዳይ ነው። መኪናው ቆሞ ከሚበሰብስ መንቀሳቀሱን የሚመርጥ ባለንብረት ላይ መፍረድ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ይህ የመጨረሻ አማራጭ ነው እንጂ ሞተሩ ደህና የሆነ ሰው ‹‹ለዕድሜ›› ብሎ የሚገባበት አይደለም።

ያገለገለ ፒክአፕ ለመግዛት ለተነሳ ሰው ደግሞ እንጦጦ በነጻ የተገኘ መመርመሪያ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይነሳ፤ ቁልፉ ሲዞር የሞተር ምልክቱ መብራት በርቶ መጥፋቱን ይመልከቱ። ጨርሶ ካልበራ አምፖሉ ተነቅሏል ወይም ኮምፒዩተሩ ተነካክቷል። ከዚያ ከሽሮ ሜዳ እስከ ማርያም ደጃፍ፣ ቢቻል ጭነት ይዞ፣ ይነዳ። የኋላ መስተዋቱን የሚያይ ሌላ ሰው ይኑር። ላይ ሲደርሱ ሞተሩን ሳያጠፉ የዘይት መሙያ ክዳኑን ከፍተው የሚተነፍሰውን ጭስ ይዩ፤ ከሥር ገብተውም ከካታላይዘሩ እስከ ማርሚታው ያለውን ብየዳ በእጅ ባትሪ ይፈልጉ። አዲስ ብየዳ ከተገኘ ለሻጩ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ የወጣው ዕቃ የት አለ? በጆንያ ጠቅልሎ ያስቀመጠ ሻጭ ከመኪናው ጋር ያስረክባል። የሌለው ከሆነ የአዲሱ ዕቃ ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ተቀንሶ ድርድሩ ከዚያ ይጀመራል።